የምሩቅ ስም በምን ይመዘን? ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን የተነሣ ሐሳብ

ዓለም አቀፍ የድኅረ ምረቃ ኮሌጆች ስለ ራሳቸው በሚያሳትሙት መጽሔት ውስጥ የማይቀር አንድ ገጽ አለ። በዚያ ገጽ ላይ ኮሌጁ ያፈራቸው ሚኒስትሮች፣ አምባሳደሮች፣ የባንክ ገዥዎችና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ከነፎቶግራፋቸው ይደረደራሉ፤ ከስማቸው ሥር የተመረቁበት ዓመትና የያዙት ወንበር ይጻፋል። አንባቢው ገጹን ሲያጥፍ ሰዎቹ ምን እንደ ተሾሙ ያውቃል። ምን እንደ ሠሩ፣ ሥራቸውም ዛሬ በማን እጅ እንደሚገኝ ግን አያውቅም። ገጹ ለአመልካችና ለረጂ የተዘጋጀ ስለሆነ ከዚህ የበለጠ እንዲናገር አይጠበቅበትም ይባል ይሆናል። ችግሩ ግን ይኸው ገጽ እያደር የተቋሙ የራሱ ትዝታ መሆኑ ነው። ኮሌጁ ልጆቹን በዚያ ሚዛን ብቻ ማስታወስ ይጀምራል፤ በኋላ የሚመጣው ተማሪም ራሱን በዚያው ይመዝናል።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ወጣት ተቋም ነው። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከዚያ የሚይዙ ተማሪዎች እየበዙ ሲሄዱ ስለ ምሩቃኑ የሚጽፍበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ እንዴት ሊጽፍ ይገባል የሚለው ጥያቄም አስቀድሞ ቢነሣ ይሻላል። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ምሩቅ በደረሰበት ሹመት ሳይሆን በተወው ሥራና ያ ሥራ በሚገኝበት ቦታ ይመዝገብ። ለዚህ ክርክር ሰሜን ሸዋ ጥሩ ማስረጃ ነው። አካባቢው ለውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ሰውም የጥናት ርእስም ሲሰጥ ከ180 ዓመት በላይ ሆኖታልና።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንኮበር ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ደረሱ። ሁለቱም ጀርመናውያን ሲሆኑ የተማሩት በስዊዘርላንድ ባዝል በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት ከአንዱ አገር ወጣት ተቀብሎ በሌላው አገር ማኅበር ሥር ወደ ሦስተኛ አገር የሚልክ በመሆኑ፣ በዛሬው አነጋገር ዓለም አቀፍ ኮሌጅ ቢባል ስሙ አይበዛበትም። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ ሰዋስዉን በ1842 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳተሙ። ክራፕፍ ደግሞ በሸዋ ያሰባሰቧቸውን የግእዝ ብራናዎች ወደ ጀርመን ላኩ፤ የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲም ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ላበረከቱት አገልግሎት የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ብራናው ከሸዋ ሄደ፤ ማዕረጉ ከቱቢንገን መጣ። ብራናውን የፋቁና የጻፉ፣ ቋንቋውንም ለእንግዶቹ ያስረዱ የአንኮበር ሰዎች በማንኛውም የምሩቃን ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ክራፕፍ ራሳቸው ዛሬ በይበልጥ የሚነሡት በ1849 እ.ኤ.አ. የኬንያን ተራራ በማየታቸው ነው፤ አንኮበር በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የመንገድ ማረፊያ ያህል ሆናለች።

ይህ አካሄድ በኋላ ከሸዋ ወደ ውጭ ለትምህርት በወጡት ሰዎች ታሪክ ውስጥ መልኩን ለውጦ ይገኛል። ከሁሉም ጠለቅ ብሎ ሊታይ የሚገባው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ታሪክ ነው። የተወለዱት በሰሜን ሸዋ በሰያደብር በ1876 ዓ.ም. ነው። ገና በልጅነታቸው ወደ ራስ መኰንን ቤት ገብተው፣ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተወሰዱ፤ በአንድ መኰንን ቤት እንደ ልጅ አድገው በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በሚካኤሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። ከ10 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆይተው ሲመለሱ የመድፍ ሒሳብ፣ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍና የእርሻ ዕውቀት ፍላጎት በአንድ ራስ ይዘው ነው የመጡት። የትምህርት ቤታቸው የምሩቃን ገጽ ቢታተም በእርግጥ «የገንዘብ ሚኒስትር፣ በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በመንግሥታት ማኅበር ተወካይ» ብሎ ያልፋቸው ነበር። ሁሉም እውነት ነው።

ሆኖም ተክለ ሐዋርያት ዛሬ ለተመራማሪ የሚያስፈልጉት በእነዚህ ወንበሮች ምክንያት አይደለም። በ1910ዎቹ ዓ.ም. አውሬዎችን አነጋግረው የዘመኑን አስተዳደር የነቀፉበትን «ፋቡላ»ን ጻፉ፤ በኢትዮጵያ የዘመናዊ ተውኔት መነሻ የሚባለው ይኸው ሥራ ነው፤ መንግሥት ግን አገደው። በጨርጨር ገዥ ሳሉ የአስተዳደርን ሥራ በደንብና በጽሑፍ ለመምራት ሞከሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ ለረቂቁ አብነት የሆናቸውም የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። መድፈኛ ሆኖ የተመረቀ ሰው ተውኔት ጻፈ፣ ሕገ መንግሥት አረቀቀ፣ በመጨረሻም ከስደት መልስ በሂርና ገበሬ ሆኖ ኖረ። የዚህ ሰው ሕይወት በ«ታዋቂ ምሩቃን» ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ውስጥ አይገባም። ሊታወቅ የቻለውም «የሕይወቴ ታሪክ» የተባለውን ሰፊ ማስታወሻ ራሳቸው ጽፈው ስለ ተዉና ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስለ ታተመ ነው። ማስታወሻውን ባይጽፉ ኖሮ ሦስቱ ሹመቶች ብቻ ይቀሩ ነበር።

የአንኮበሩ ልጅ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ጉዳይ ቀለል ያለ ነው፤ ምክንያቱም የሠዓሊ ሥራ ለዓይን ይታያል። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ተወለዱ። በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞረው በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን አካል በሆነው በስሌድ ተማሩ። የላካቸው መንግሥት የጠበቀው መሐንዲስ አልመጣለትም፤ የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት ግን በ1961 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቆመ። እዚህ ላይ የምሩቅ ስምና የተወው ሥራ ሳይለያዩ ይታያሉ፤ ሥራው የት እንዳለም ማንም ይናገራል። የሌላው ምሩቅ ሥራ ግን ቢሮ ውስጥ ያለ ፋይል ወይም መደርደሪያ ላይ ያለ ጥናታዊ ጽሑፍ ነው። መዝገብ የሚያስፈልገው ይልቁንም ለእንዲህ ያለው ነው።

ሹመት የሚመዝን ገጽ የሚያሳፍርበት ቦታም አለ። የቡልጋው አለቃ ሀብተ ወልድ ልጆች መኰንን፣ አካለ ወርቅና አክሊሉ ሦስቱም ሚኒስትሮች ሆነዋል። ታናሽየው አክሊሉ በፓሪስ ሕግ ተምረው ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ማንኛውም ኮሌጅ በመጀመሪያው ረድፍ የሚያስቀምጣቸው ሰው ናቸው። ታላቅየው መኰንን የቤተ ክህነት ትምህርት እንጂ የውጭ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የአገሪቱን ንግድና ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ከመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ በርካታ ወጣቶችንም ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ አሳልፈዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መኰንን የተገደሉበትን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከመሩት አንዱ ደግሞ የሸዋው የሞጃ ቤተሰብ ተወላጅ ገርማሜ ንዋይ ነበሩ። ገርማሜ በዊስኮንሲን ተምረው፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪያቸው በኬንያ ስለ ነጮች የመሬት ሰፈራ የጻፉ ምሁር ናቸው። ተመልሰው በወላይታና በጅጅጋ ገዥ ሆነው ሠርተዋል።

ኮሎምቢያ ገርማሜን ከታዋቂ ምሩቃኑ ይቁጠራቸው? ሹመታቸው የአውራጃ ገዥነት ነውና በሹመት ሚዛን አይገቡም። በሥራ ሚዛን ግን የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸው ብቻ ለአንድ ሴሚናር ይበቃል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለምን የኬንያን የመሬት ጥያቄ መረጠ፣ ያ ምርጫስ በኋላ በወላይታ ካደረገው ጋር ምን ያገናኘዋል የሚለው ጥያቄ ገና ብዙ ሊጻፍበት የሚችል ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ገርማሜን ማወደስም መውቀስም አይደለም፤ ምሩቁ የጻፈው ነገር ከተሾመበት ወንበር ይልቅ ስለ ሰውየው እንደሚናገር ማሳየት ነው።

ዲግሪ የሌላቸውስ? በደብረ ብርሃን አካባቢ በገርም ገብርኤል የተወለዱት ከበደ ሚካኤል የወጣትነት የትምህርት ዕድላቸውን የጣሊያን ወረራ ዘጋባቸው። «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለው መጽሐፋቸው ግን በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የዕድገት ጥያቄ በአማርኛ አስቀድሞ አነሣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በስተርጅና የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የመርሐቤቴው የደን ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የደረሱት ያለ ውጭ ኮሌጅ ዲግሪ ነው። ልጃቸው ሲራክ ግን ኦክስፎርድ ተምረዋል። አባት ያልተማሩበትን ልጅ ተማረበት፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ኅሩይ እዚህ የተነሡት ለሌላ ምክንያት ነው። በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ፦ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ የታወቁ ኢትዮጵያውያንን ታሪክ አጠር አጠር አድርጎ የሚያቀርብ፣ ሊቃውንትንም መኳንንትንም የሚያነሣ የአማርኛ የሕይወት ታሪክ መዝገብ ነው። የ«ታዋቂ ሰዎች» ዝርዝር ከውጭ መጽሔት ተቀድቶ የመጣ ነገር ይመስል የሚያወራ ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያይ መልካም ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው በርእሱ ነው፤ ዝርዝሩ የተጻፈው ለረጂ ወይም ለአመልካች ሳይሆን በኋላ ለሚነሡ ልጆች ነው። ለማን እንደሚጻፍ ሲወሰን ምን እንደሚጻፍም ይወሰናል።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ሰሜን ሸዋ ዛሬም ለዓለም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የጥናት መስክ ነው። ዶናልድ ሌቪን ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መጥተው በመንዝ የኖሩበትን ጊዜ በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ አሳርፈውታል። የኖርዌዩ ስቬን ኤገ በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ ስለ ነበረው የሸዋ መንግሥት አጥንተው፣ በኋላም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ድልድል መርምረዋል። አንዲት ትንሽ ወፍ እንኳ ጆን አሽ በ1979 እ.ኤ.አ. በአንኮበር ስም ሰይመዋት በዓለም የወፎች መጽሐፍ ውስጥ ገብታለች። ከእነዚህ መካከል በአማርኛ የተመለሰው ምን ያህል ነው፣ ወደ መንዝና ወደ አንኮበር የደረሰውስ ስንቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ገጽ ግን በየትኛውም የምሩቃን መጽሔት የለም።

በዚህ በኩል የመንዝ በግ ታሪክ ሌላ መንገድ ያሳያል። በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የበግ እርባታና ብዜት ማእከል ለብዙ ዓመታት ከውጭ የመጣውን የአዋሲ ዝርያ ከመንዝ በግ ጋር እያዳቀለ ለገበሬው ሲያከፋፍል ቆየ፤ ገበሬው ግን የተጠበቀውን ያህል አልተቀበለውም። በደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማእከል የሠሩት ሰሎሞን ግዛው በ2008 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በኢትዮጵያ የበግ ሀብት ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ከቪየናው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር በኅብረት በመንዝና በሌሎች ቦታዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሥራ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። የመንደሩ በጎች የራሳቸው ምልክት ይሰጣቸዋል፤ ግልገሎች ሲወለዱና ጡት ሲተዉ ክብደታቸው ይመዘገባል፤ ወጣት አውራዎች በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ። የተመዘገበው ቁጥር አንድ ነገር ይላል፤ ገበሬዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ደግሞ ቁመናውን፣ ቀለሙን፣ ቀንዱን አይተው የመጨረሻውን ምርጫ ያደርጋሉ። የተመረጠው አውራ ለጎረቤት ሁሉ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል።

በዚህ ሥራ ላይ የተጻፉት ጥናታዊ ጽሑፎች በዋገኒንገንና በቪየና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሥራው ግን መንዝ ውስጥ በበግ መንጋ መካከል ነው። የሹመት ገጽ የጽሑፉን ጸሐፊ ብቻ ያያል። ሚዛን ይዞ በየቤቱ የዞረውን መዝጋቢ፣ አውራ በጉን ለመንደሩ የለቀቀውን ገበሬ፣ ጽሑፉም ከመደርደሪያ ወርዶ ሥራ ላይ የዋለበትን መንገድ የሚያየው ግን ሥራንና ቦታን የሚመዘግብ መዝገብ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከበግ ያለፈ ክብደት አለው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው ለመጡ ተፈናቃዮች መጠለያ ሆናለች። እንዲህ ባለ ቦታ አጠገብ ያለ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መጠይቅ ይዞ ወደ መጠለያው የሚሄድ ተማሪ አያጣም፤ ሊሄድም ይገባዋል። ልጆቿን ይዛ የተፈናቀለች እናት ስለ ውሃው፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ሕመሙ ለመጠይቁ መልስ ስትሰጥ ከተማሪው ዲግሪ ሌላ ምን ይመጣላታል? ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በደረቅ ልባስ ተጠርዞ፣ ከፈተና በኋላ በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ከክራፕፍ ብራናዎች ጉዞ በምን ይለያል? ተማሪውም ነገ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቢሆን በምሩቃን ገጽ ላይ ፎቶግራፉ ይወጣል፤ እናቲቱ የሰጠችው መልስ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቀው ግን አይኖርም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም። ሹመት በቀላሉ ይረጋገጣል፤ «ሥራ» ግን እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚናገረው ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ የሚቀበለው ሊታይና ሊነካ የሚችለውን ብቻ ይሁን፦ የታተመ ጽሑፍ፣ ሥራ ላይ ያለ መመሪያ፣ የተተከለ ችግኝ ጣቢያ፣ የተሰበሰበ የቃል ታሪክ ቅጂ። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ወደ ተወለደበት ወይም ወደ አጠናበት ቦታ ያልተመለሰ ምሩቅ ሁሉ ጥፋተኛ ሊደረግ ነው ወይ? ተክለ ሐዋርያት በስደት ወደ ማዳጋስካር የሄዱት ወደው አልነበረም፤ ኅሩይም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ያረፉት አገራቸው ተወርራ ነው። ዛሬም በውጭ የቀሩ ምሁራን ብዙዎቹ የራሳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። መዝገቡ ሰውየው የት እንዳለ አይጠይቅም፤ ሥራው የት እንዳለ ይጠይቃል። ቪየና የተቀመጠ ሰው ሥራው መንዝ ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ብርሃን የተቀመጠም ሰው ሥራው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ታዋቂ ስም ከሌለ ዩኒቨርሲቲው አመልካች ያጣል የሚለው ነው። ገና 20 ዓመት ያልሞላው ተቋም ከመቶ ዓመት ኮሌጆች ጋር በሚኒስትር ብዛት ሊወዳደር እንደማይችል የታወቀ ነው። በአንኮበርና በመንዝ ጉዳይ ከማንም የተሻለ መዝገብ ያለው ተቋም መሆን ግን ይችላል። እንዲህ ያለው መዝገብ ካለው፣ የኦስሎም የቶኪዮም ተመራማሪ ሰሜን ሸዋን ለማጥናት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጽፈው ወደ ደብረ ብርሃን ይሆናል።

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ወረዳ ይበቃል፤ አንኮበር ይሁን። ስለ አንኮበር በዩኒቨርሲቲው የተጻፉት የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች ይለቀሙ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከውጭ የሚገኙትም ይጨመሩ። ለእያንዳንዱ የጸሐፊው ስም፣ የተጠናበት ቀበሌ፣ ያገኘው ነገርና ቅጂው የሚገኝበት ቦታ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ የጽሑፉን ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ፣ አማካሪ መምህሩ አይቶ ፈርሞበት፣ አንዱን ቅጂ ላጠናው ወረዳ ጽሕፈት ቤት አስገብቶ ደረሰኙን ከክሊራንሱ ጋር ለሬጅስትራር ያቅርብ።